የሐሙስ ከሰዓት አስተማሪ

ስልኩ ሲጮህ ምሳ እያቀረብኩ ነበር። ከሆስፒታል የደወለችው ነርስ የእትዬ ብርነሽን ስም አጣማ ጠርታ ማረፋቸውን ነገረችኝና «ለሟቿ ምን ነዎት?» አለችኝ። እህታቸው አይደለሁም፤ ልጃቸውም አይደለሁም። የአንድ አገር ልጆች እንኳ አይደለንም፤ እሳቸው የደሴ፣ እኔ የአዲስ አበባ ነኝ። «ዘመድ ነኝ» አልኳት። «ሌላ የሚነገረው ሰው አለ?» ስትለኝ፣ «የለም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ወጡ ቀዘቀዘ። ማንም አልበላውም።

እትዬ ብርነሽን ዛሬ የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነው። አሁን ሮም ያለውን ወጣት፣ በደርግ ጊዜ እዚህ ከተማ ውስጥ የአማርኛ ትምህርት ቤት ነበረን ብዬ ብነግረው ያሾፍኩ ይመስለዋል። ትምህርት ቤት ስል አንድ ክፍል ነው። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ቤተ ክርስቲያን ሥር ያለ ምድር ቤት። ስም አልነበረውም። ቀኑ ሐሙስ ስለሆነ ልጆቹ በጣሊያንኛ «ጆቬዲ» ይሉት ነበር፤ እኛም ተከትለን «ልጅሽ ጆቬዲ ትመጣለች?» እንባባል ነበር።

ያኔ አብዛኞቻችን ሴቶች ነበርን። ሰው ቤት እንሠራለን፣ እዚያው እናድራለን። ዕረፍታችን ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። የወለደች ሴት ልጇን ይዛ ሰው ቤት ማደር ስለማትችል፣ ልጆቻችንን መነኮሳት የሚያስተዳድሩት ማደሪያ፣ ኮሌጆ የሚሉት ዘንድ እናስገባ ነበር። ልጆቹ እዚያ ይበላሉ፣ ይማራሉ፣ ይተኛሉ። በጣሊያንኛ ይጸልያሉ፣ በጣሊያንኛ ያልማሉ። እኛ ደግሞ እንደ እንግዳ ብስኩት ይዘን ሄደን እንጠይቃቸዋለን።

ልጄ ሣራ ስድስት ዓመት ሳይሞላት አማርኛው ከአፏ ጠፋ። እኔ ደግሞ የምናገረው ጣሊያንኛ የወጥ ቤት ጣሊያንኛ ነው፤ ትእዛዝ መቀበያ እንጂ ልጅ ማባበያ አይሆንም። አንድ ሐሙስ ተርሚኒ ፊት ለፊት ካለው አደባባይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ ሣራ ማልቀስ ጀመረች። እያለቀሰች የሆነ ረጅም ነገር ነገረችኝ። ቃላቱ እንደ ዝናብ ይወርዳሉ፤ እኔ አንድም አልያዝኩም። «ሲ፣ ሲ፣ አሞሬ»፣ አዎ አዎ ፍቅሬ፣ እያልኩ ፀጉሯን ደባበስኩት። ድንገት ልቅሶዋን አቁማ አየችኝ። አስተያየቷ የማታውቃትን ሴት የምታይ ነበር።

ከወንበሩ ጫፍ አንዲት ቀጠን ያሉ፣ ኮታቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ሴት ተቀምጠው ነበር። በዐይን እንተዋወቃለን እንጂ አውርተን አናውቅም።

«ያለችሽ ገብቶሻል?» አሉኝ።

«በመጠኑ» አልኩ።

«አልገባሽም። ጓደኞቿ አልጋዋ ላይ ውኃ አፍስሰውባት፣ መነኩሲቷ ሸናሽ ብላ ልጆች ፊት እንዳቆመቻት ነው የነገረችሽ።» ከዚያ ሣራን ትንሽ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይቺ ልጅ ካንቺ ጋር የምትጣላበት ቋንቋ እንኳ የላትም» አሉ።

እትዬ ብርነሽ ማለት እሳቸው ናቸው። ደሴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበሩ። ባላቸውም አስተማሪ ነበር፤ በቀይ ሽብር አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቶ አልተመለሰም። እሳቸው አንድ ልጃቸውን፣ ያሬድን፣ አዲስ አበባ እህታቸው ዘንድ አስቀምጠው በሥራ ውል ሮም መጡ። ቶሎ አመጣዋለሁ ብለው ነበር። የመውጫ ፈቃዱ ግን አልተገኘም፤ በዓመቱም አልተገኘም፤ ከዚያ በኋላ መጠየቁ ራሱ ሌላ ጥያቄ የሚያስነሳ ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፓሪዮሊ ሰፈር የአንድ ጠበቃ ሚስት የነበሩ ባልቴት ቤት ያጥባሉ፣ ይተኩሳሉ። እጃቸው ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ እትዬ ብርነሽ አላረፉም። ሮም ለትምህርት የመጡ አባ ተስፋዬ የሚባሉ ካቶሊክ ቄስ ነበሩ፤ ሄደው አነጋገሯቸው። እኛ ኦርቶዶክሶቹ ትንሽ ተንሾካሾክን። «ልጆቻችንን ሊያኮተልኩብን ነው» ያለችም ነበረች። እትዬ ብርነሽ «አባ ክፍል ነው የሚሰጡን፤ ቁርባን አይደለም» ብለው ዝም አሰኙን። አባ የጣሊያኑን ቄስ ለምነው ምድር ቤቱን አስከፈቱ፤ ከመነኮሳቱም ጋር ተነጋግረው ልጆቹ ሐሙስ ከሰዓት እንዲወጡ አስፈቀዱ።

መጽሐፍ የሚባል ነገር አልነበረም። እትዬ ብርነሽ የተረፈ የግድግዳ ወረቀት ከአሠሪያቸው ቤት ለምነው፣ ጀርባው ላይ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በትልልቁ ጻፉት። ክፍሉ አንዲት መስኮት ነበረችው፤ ከመንገዱ ትክክል ስለሆነች የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ሌላ አስተማሪ ቢሆን በመጋረጃ ይሸፍናት ነበር። እሳቸው ግሥ አስተማሩባት። ጫማ ባለፈ ቁጥር በጠመኔው እየጠቆሙ «ምን አደረገ?» ይላሉ። ልጆቹ «መጣ!» «ሄደች!» «ሮጡ!» ይጮኻሉ። አንድ ቀን ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ መስኮቷ ላይ ቆመው ቀሩ። «አሁንስ?» አሉ። ልጆቹ ጨነቃቸው። ሣራ «ደከመው» አለች። «ደከማቸው» ብለው አረሟት፤ «የማታውቂያቸውም ቢሆን ሽማግሌ ናቸው።»

ስሕተት አያልፉም ነበር። የልጆቹ ትልቁ ችግር ጠና ቀ፣ ጨና ጸ ነው። ጤና «ቴና» ይሆናል፣ ቀን «ከን» ይሆናል። መዳፋቸውን አፋቸው ፊት እንዲይዙ ያደርጓቸዋል። «ከ ስትሉ እጃችሁን ነፋስ ይነካዋል። ቀ ስትሉ አይነካውም። እስቲ ነፋሱን ያዙት!» ሃያ ልጅ መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ሲንቋቋ፣ ከላይ የሚያልፈው ጣሊያናዊ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር።

ሣራ ከጥቂት ወራት በኋላ ተቆጣችኝ። ዘግይቼ ስለመጣሁ «አንቺ ሁልጊዜ ትዋሻለሽ!» አለችኝ፣ በአማርኛ። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ አለቀስኩ። እትዬ ብርነሽ ጠመኔያቸውን እየጠራረጉ «አሎራ፣ እንግዲህ ልጅ ወለድሽ» አሉኝ።

ነገር ግን ያ ዘመን ሰው ተሰብስቦ ሰላም የሚያድርበት ዘመን አልነበረም። ሮም ያለነው ጥቂት ሰዎች እንኳ የመንግሥት ደጋፊና ተቃዋሚ ተባብለን፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ማዶ ለማዶ ነበር የምንቀመጠው። አንድ ሐሙስ ልጆቻችንን እያደረስን ሳለ ከተቃዋሚዎቹ ማኅበር አንድ ጎልማሳ መጣ። ልጆቹ ሰልፍ ላይ መፈክር ይዘው እንዲወጡ ፈለገ። እትዬ ብርነሽ ፊደሉ ወደተሰቀለበት ግድግዳ አሳዩት።

«ልጆቹ ገና ሐ ላይ ናቸው» አሉት። «መፈክር በመ ነው የሚጀምረው። አልደረሱበትም።»

ሳቅን። ሰውየው ግን አልሳቀም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከደጋፊዎቹ ወገን ሌላ ሰው መጣ። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ፣ «እርስዎ» እያለ የሚያከብር። ለአብዮቱ በዓል ልጆቹ መድረክ ወጥተው መዝሙር ቢዘምሩ፣ መጻሕፍትም ጥሩ አዳራሽም እንደሚገኝ ነገራቸው። ያንኑ መልስ መለሱለት። እሱ ፈገግ አለ።

«አገር ቤት ልጅ አለዎት አይደል፣ እትዬ? አሁን ስንት ዓመት ሆነው?»

እኔ ሣራን ላደርስ መጥቼ በሩ ላይ ነበርኩ። የእትዬ ብርነሽ እጅ ሰሌዳው ላይ ቀረ። «አድጓል» አሉ። ሰውየው ባርኔጣውን አንሥቶ ተሰናብቶ ወጣ። ያን ዕለት ልጆቹን ከሰዓቱ በፊት ለቀቋቸው።

ከዚያ በኋላ ደጋፊዎቹ ልጆቻቸውን «የተቃዋሚ ትምህርት ቤት ነው» ብለው አስቀሩ። ተቃዋሚዎቹም «ሴትዮዋ የመንግሥት ጆሮ ናት» ብለው አስቀሩ። ወንበር ስለሚያንሰን ከላይ ቤተ ክርስቲያን እንበደርለት የነበረው ክፍል በአንድ ወገን ባዶ ሆነ። እትዬ ብርነሽ የቀሩትን ልጆች ወደ መሐል ሰበሰቧቸውና ቀጠሉ። ያሬድን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቶሎ ቶሎ ያነሡት ጀመር። አንዴ ስልክ ቤት ሄደው አነጋግረውት ሲወጡ አገኘኋቸው። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«ድምፁ ጎርንኗል» አሉኝ። «እማዬ ሲለኝ የሌላ ሰው ልጅ የተሳሳተ መሰለኝ። ማን ልበል አልኩት። እስቲ አስቢው፣ ልጄን ማን ልበል!»

በዓመቱ ይሁን ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ያሬድ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ የሚል ወሬ መጣ። ቀበሌው ከሰፈሩ ብዙ ልጅ ነው የሰበሰበው። እትዬ ብርነሽ ይህን የነገሩኝ ልብስ ስለመተኮስ በሚያወሩበት ድምፅ ነበር። ወደ ሰሜን እንደ ሄደ ሰሙ። ከዚያ በኋላ ምንም አልሰሙም።

ለአባ ተስፋዬ አንድ ሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተደወለላቸው። የደወለችው የእትዬ ብርነሽ እህት ናት። ያሬድ ሞቷል።

መርዶ በአገራችን ወግ አለው። ጎህ ሳይቀድ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚረዳው። እትዬ ብርነሽ የሚያድሩት ግን በባልቴቷ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ማን አስገብቶን? እኛስ ከየአሠሪያችን ቤት በጎህ እንዴት ወጥተን? አባ በስልክ ለሁላችንም አንድ በአንድ ደወሉ። ሐሙስን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ቀን አልተገኘም።

ማክሰኞ ዕለት እትዬ ብርነሽ ራሳቸው ደወሉልኝ። ጠመኔ አልቆባቸው፣ በእኔ ሰፈር ካለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ እንድገዛላቸው ነው። «ነጩን ብቻ አይደለም፣ ቀለም ያለውንም ያዢ፤ ልጆቹ ይወዱታል» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። «ድምፅሽ ምን ሆነ?» አሉኝ። «ጉንፋን ነው» አልኩ። «ሎሚ በማር ጠጪበት» አሉኝ።

ሐሙስ ቀድመን ገባን። ጥቁር ነጠላችንን ከኮታችን ሥር ደብቀን ይዘናል። ዕቅዱ አባ ልጆቹን ወደ ግቢው አውጥተው፣ እኛ ለእትዬ ብርነሽ እንድንነግራቸው ነበር። እትዬ ብርነሽ ግን በዚያ ቀን ልጆቹን ራሳቸው ከኮሌጆ ተቀብለው፣ በአውቶቡስ አሳፍረው፣ እየተንጫጩ አብረው ገቡ። ኮታቸውን ሰቀሉ። ጠመኔውን ከእጄ ተቀበሉና ቀለሞቹን አይተው «ግሩም ነው» አሉ። ከዚያ ዞሩና እኛን አዩን።

እናቶች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም። ልጆቻቸውን አድርሰው ወደ ተርሚኒ ነው የሚሄዱት። ያን ቀን ሁላችንም ከኋላ በኩል ግድግዳ ተደግፈን ተደርድረናል፤ አባም በመሐላችን ቆመዋል። እትዬ ብርነሽ እያንዳንዳችንን በዐይናቸው ዳሰሱን። አባ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲሉ እጃቸውን አነሡ።

«ይቆዩ፣ አባ» አሉ። «ልጆቹ ያነባሉ።»

ልጆቹም አነበቡ። እትዬ ብርነሽ ትምህርቱን በሙሉ አስተማሩ። የሚሳሳተውን አረሙ፣ ያቃተውን ደገሙለት፣ ጎበዙን አመሰገኑ። ከኋላ አንዷ ሴት መሐረቧን ነክሳ ቆማለች። ዛሬም ስለዚያ ሰዓት ሳስብ፣ ልጃቸው በሕይወት ያለበትን ጊዜ በእጃቸው እያረዘሙት ነበር እላለሁ። እስኪነገራቸው ድረስ አልሞተም።

ሲጨርሱ ልጆቹን ወደ ውጭ ላኩ። በሩ እስኪዘጋ ጠበቁና «ያሬድ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ ልጄ» አሉ አባ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

የጮኹትን ጩኸት ላስረዳ አልችልም። እኛም ነጠላችንን አውጥተን አብረን ጮኽን። ያኔ በሩ በኃይል ተከፈተና የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ፣ አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ፣ እጁን ወደ ታች ወደ ታች እያደረገ «ፒያኖ! ፒያኖ!» አለ፤ ቀስ በሉ፣ ላይ ሰው እየጸለየ ነው ማለቱ ነው። አባ ሊያስረዱት ሞከሩ። እትዬ ብርነሽ ግን ያለበስናቸውን ነጠላ ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁት። ድምፅ ሳያወጡ፣ ሰውነታቸው ብቻ እየዘለለ አለቀሱ። በዕድሜዬ ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ። እንዲያ ያለ ግን አላየሁም።

በሚቀጥለው ሐሙስ አይመጡም ብለን ነበር። መጡ፤ ጥቁር ለብሰው። እኔና ሁለት ሴቶች አብረናቸው ለመሆን ከክፍሉ አልወጣንም። ሰሌዳው ላይ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ጻፉ። ከሥሩ «ያጽናህ»፣ «ያጽናችሁ»፣ «ያጽናዎት» ጨመሩ።

«ዛሬ የምንማረው፣ ሰው ሲሞት የሚባለውን ነው» አሉ።

ተነሥቼ ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ። «እትዬ፣ እባክዎን። ይሄ የልጆች ነገር አይደለም።»

«አልማዝ፣ እነዚህ ልጆች ነገ እኛን ነው የሚቀብሩን» አሉኝ። «በምን ቋንቋ እንዲያለቅሱልን ነው?»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለልጆቹ ወጉን አስረዷቸው። ሐዘንተኛው አጠገብ ይኬዳል፤ ጎንበስ ይባላል፤ ይህን ብሎ ዝም ነው። እንዴት ሞተ ተብሎ አይጠየቅም። ሐዘንተኛው አሜን ይላል። «ሐዘንተኛዋ እኔ ነኝ» ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ተሰለፉ።

የመጀመሪያው ልጅ «እግዚአብሔር ያስናህ» አለ።

«እኔ ወንድ ነኝ?» አሉት። ልጆቹ ሳቁ፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ። «ለትልቅ ሰው ምን ነበር የሚባለው? ደግሞ ጽ ነው። መዳፍህን ወደ አፍህ አምጣ።»

«ያጽናዎት።»

«አሜን።»

እያንዳንዱ ልጅ መጣ። እያንዳንዱን አረሙ፤ ለእያንዳንዱ አሜን አሉ። ሣራ ተራዋ ሲደርስ አጥርታ አለችው። አሜን ሲሏት ግን አልሄደችም። ልጆቹ እስከዚያ ሳምንት ድረስ እትዬ ልጅ እንዳላቸው እንኳ አያውቁም ነበርና፣ «ስሙ ማን ነው?» አለቻቸው።

«ነበር» ማለት ነበረባት። ሽማግሌውን «ደከመው» ብትል ያረሟት ሴት ይህንን አላረሙትም።

«ያሬድ ነው» አሏት።

ከዚያ በኋላም አስተማሩ። ግን ከዚያ ቀን ወዲያ በመስኮቷ ማስተማሩን ተዉት። አንድ እሑድ ቪላ ቦርጌዜ መናፈሻ ተቀምጠን ሳለ፣ ምንም ሳላነሣባቸው «ያን ቀን ይዘምሩ ብዬ ቢሆን ኖሮስ?» አሉኝ። ያ ሙሉ ልብስ የለበሰው ሰው የመጣበትን ቀን እንደሆነ ገብቶኛል። ከሰፈሩ ብዙ ልጅ እንደተወሰደ፣ የአንድ ሰው ቃል ያንን ያህል ሩቅ እንደማይደርስ ነገርኳቸው። የነገርኳቸውን እኔም አላመንኩበትም። ያሬድ በዚያ ምክንያት ተወስዶ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። «አይ፣ እኔን ለይተው አይደለም» አሉ፤ ቆየት ብለው ደግሞ «ባላውቀው ይሻል ነበር» አሉ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ትምህርት ቤቱን የዘጋው ሰው የለም። ቤተሰቦች አንድ በአንድ ወደ ካናዳና ወደ አሜሪካ ሄዱ። የቀሩት ልጆች ጎረመሱና ሐሙስ ከሰዓት ኳስና ጓደኛ በለጠባቸው። ሣራ የመጨረሻዋ ነበረች፤ እሷም በኋላ ሥራ ይዛ ቀረች። ምድር ቤቱን የሰፈሩ የጣሊያን ወጣቶች ለሙዚቃ ልምምድ ወሰዱት።

ደርግ ሲወድቅ እትዬ ብርነሽ አገር ቤት ሄዱ። የልጃቸውን መቃብር ሊፈልጉ ነው። ቀበሌው ወደ ከፍተኛው፣ ከፍተኛው ወደ ሌላ መራቸው። አብሮት የዘመተ አንድ ልጅ አግኝተው ነበር፤ እሱም ከአስመራ ወዲያ ባለ ተራራ ውስጥ፣ ብዙ ሆነው በአንድ ጉድጓድ እንደቀሩ ብቻ ነገራቸው። ተመልሰው መጡ። አሠሪያቸው ሞተው ስለነበር ኦስቲያ ባሕሩ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራዩ፤ ሽማግሌዎች እየተንከባከቡ ኖሩ። ማስተማር የሚባል ነገር ዳግመኛ አላነሡም።

ሊያርፉ ሳምንት ያህል ሲቀራቸው ሆስፒታል ሄጄ እግራቸውን አሻሸሁላቸው። እሳቸው ስለ ሞት ማውራት አይፈሩም፤ ስለዚህ ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ እንዲህ እንዲያ ቢሆን፣ ደሴ እንድንወስድዎት ነው የሚፈልጉት?»

እግራቸውን ከእጄ ሰበሰቡ።

«ልጄ የተኛበት አፈር ዛሬ ሌላ አገር ሆኗል ይሉኛል» አሉ። «እሱን በሰው አገር ትቼ፣ እኔ ደሴ ሄጄ ከማን ጎን ልተኛ? እሱም በሰው አገር፣ እኔም በሰው አገር። እዚሁ አድርጊኝ።»

እዚሁ አደረግናቸው።